ከድሬዳዋ ኮተን እስከ ታሽከንት ፓኽታኮር

ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አልጮኸም። ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ ከድኖ አጎነበሰ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025፣ ቦታው አቡ ዳቢ ነው። የዐረፋ ዕለት ነበር፣ በማግስቱ በዓል ነው። ኡዝቤኪስታን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ያለ ግብ አቻ ወጥታ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ዙሪያችንን ያሉት ይጨፍራሉ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ወጣቱ ቀና ሲል ዶፒ የሚሉትን ባለ ጥልፍ ቆብ አውልቆ ዓይኑን ጠረገበትና «አካ፣ አዩ? አዩ?» አለኝ። አካ በእነርሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው የማያውቁትንም ታላቅ ሰው ይጠሩበታል።

አይቻለሁ። ዓይኔም እንደ እርሱ ዓይን እርጥብ ነበር። በደርግ ዘመን የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ ነኝ፤ ከ1986 እስከ 1991 ያኔ የሶቪየት አካል በነበረችው ኡዝቤኪስታን፣ ታሽከንት ውስጥ የመስኖ ምሕንድስና ተምሬያለሁ (ዓመቶቹን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። ዛሬ ኑሮዬ አቡ ዳቢ ነው፤ እንጀራዬም ያው ውኃ ነው። የተወለድኩት ግን ድሬዳዋ ነው፤ አባቴም ዕድሜውን የጨረሰው በጥጥ ፋብሪካው ውስጥ ነው።

ታሽከንት በገባሁ በመጀመሪያው ወር በምድር ውስጥ ባቡር ስንሄድ ፓኽታኮር የሚባል ጣቢያ ደረስን። ግድግዳው ላይ ጥጥ ተዘርግቷል፤ የፈነዳ ጥጥ፣ በሞዛይክ የተሠራ። አብሮኝ የነበረውን የክፍል ጓደኛዬን የስሙን ትርጉም ጠየቅሁት። «ፓኽታ ጥጥ ነው፤ ፓኽታኮር ደግሞ የጥጥ ገበሬ» አለኝ። «የእግር ኳስ ክለባችንም ስሙ ይኸው ነው፤ ስታዲየሙም ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው» ብሎ ጨመረልኝ። ባቡሩ ተንቀሳቅሶ እስኪሄድ ድረስ ከዚያ ግድግዳ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ድሬዳዋም በጥጥ የሚጠራ ክለብ ነበራታ! ኮተን። የፋብሪካው ክለብ ነው፤ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ የወሰደ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎን የመሰለ ሰው ያጫወተ። ቫሳሎ ማለት በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበላችን የነበረው ነው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዞ ይገባል፤ እናቴ ደጅ አቁማ እያራገፈችለት እርሱ የቡድኑን አሰላለፍ ይነግረናል። የፋብሪካው ሰው ክለቡን «የእኛ» ሲል አፉን ሞልቶ ነው። ክር የሚፈትለውና ኳስ የሚመታው በአንድ በር የሚገቡ ሰዎች ነበሩ።

የድሬዳዋ ስታዲየምን ዛሬ ላሉት ልጆች ስነግራቸው ማመን ያቅታቸዋል። በ1976 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የተመረጠችው ከተማ ድሬዳዋ ነበረች። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን በእኛ ሜዳ ተጫወቱ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ እጄን አጥብቆ ይዞ ሰው መሐል አስገባኝ። ሞሮኮ ከዚያ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባና ዋንጫውን ይዞ ሄደ። እኔም የኳስ ፍቅር ይዞኝ ቀረ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በደሜ ውስጥ ነበር፣ የፓኽታኮርን ስታዲየም በር ስረግጥ። ክለቡም ስታዲየሙም የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በ1956 ነው። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ቡድኑ ከሶቪየት ከፍተኛ ሊግ ወደ ሁለተኛው ወርዶ ነበር፤ ሰው ግን ይመጣል። ሽማግሌዎች ዶፒያቸውን ደፍተው፣ የሱፍ ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይገባሉ። በጥርሳቸው እየፈለፈሉ ዓይናቸውን ከሜዳው አያነሱም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ከወንበሮቹ ሥር ያለው ገለባ እንደ አውድማ ይንኮሻኮሻል። አንድ ቀን አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ እፍኝ ዘግነው ሰጡኝና፣ ተጫዋቾቹን በጣታቸው እያሳዩ «እነዚህ የሙታን ማሊያ ነው የለበሱት፤ ስለዚህ አንሰድባቸውም» አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም ነበርና ነገሩኝ።

ኦገስት 11 ቀን 1979 ፓኽታኮር ከዲናሞ ሚንስክ ጋር ለመጫወት ይበር ነበር። ዩክሬን ሰማይ ላይ፣ ድኔፕሮድዘርዝሂንስክ ከምትባለው ከተማ በላይ፣ ሁለት ቱ-134 አውሮፕላኖች ተጋጩ። በሁለቱም ውስጥ የነበሩት 178 ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱ 17ቱ የፓኽታኮር ሰዎች ነበሩ። ሚኻይል አን የተባለው ኮሪያዊ ዝርያ ያለው የታሽከንት አማካይ፣ አጥቂው ቭላዲሚር ፊዮዶሮቭ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት። ክለቡ ግን አልፈረሰም። የሌሎቹ የሶቪየት ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ሰጡት፣ ለሦስት ዓመትም ከሊጉ እንዳይወርድ ተወሰነለት። ሽማግሌው ይህን ሲተርኩልኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የሱፍ ፍሬውን የያዘው እጃቸው ግን ከአፋቸው ሳይደርስ ቆሞ ቀረ። በኋላ ቦትኪን በሚባለው የከተማዋ መቃብር ሄጄ መታሰቢያቸውን አየሁ። ነሐሴ ሲገባ አበባ ይበዛበታል።

ታሽከንት ዋና ከተማ ናት፤ ዋና ከተማ የትም ቢሆን ክለብ አያጣም። እኔን የሚገርመኝ ክፍለ ሀገሩ ነው። የክለቦቻቸውን ስም ስትሰሙ የከተማዋን እንጀራ ታውቃላችሁ። የፈርጋናው ኔፍትቺ የነዳጅ ሠራተኛ ማለት ነው። የቤካባዱ ሜታሉርግ ብረት አቅላጭ ነው። የኦልማሊቁ ክለብ ስሙ የማዕድን ኩባንያው ስም ነው፤ የታሽከንቱ ሎኮሞቲቭ የባቡር ሠራተኞች ነው፣ እርሱም ከ2016 እስከ 2018 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል። በፈርጋና ዩሪ ሳርኪስያን የሚባል አሰልጣኝ ከ1987 እስከ 2013 አንድ ክለብ ይዞ ኖረ፤ አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ኔፍትቺ ዋንጫውን ከእጁ አላወጣም፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ከፓኽታኮር ጋር ተጋርቶታል። በ1996 ደግሞ ጎረቤቱ የናማንጋኑ ናቭባሆር ተራውን ወሰደ። ናማንጋን ውስጥ የጨዋታ ቀን ሰርግ ነው የሚመስለው፤ ሰዉ ከቀትር ጀምሮ ወደ ሜዳው ይጎርፋል።

ቃርሺን ለብቻዋ አነሳታለሁ። ደቡብ ላይ ያለች፣ በጋዟና በጥጧ የምትታወቅ፣ በበጋ ምድሯ የሚያቃጥል ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ድሬን ያስታውሰኛል። ክለቧ ናሳፍ በ2011 የኩዌት ስፖርት ክለብን 2 ለ 1 አሸንፎ የእስያ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ዋንጫ አነሳ፤ ፍጻሜው የተካሄደውም እዚያው ቃርሺ፣ በራሱ ሜዳ ነው። የቃርሺ ሰው የእስያን ዋንጫ ለማየት አውሮፕላን አልተሳፈረም፤ ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ሄደ። ከ13 ዓመት በኋላ በ2024 ናሳፍ የአገሪቱን ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ።

ገንዘብ ብቻውን ምን እንደሚያደርግም አይተዋል። በ2008 ቡንዮድኮር የሚባለው አዲስ የታሽከንት ክለብ ብራዚላዊውን ኮከብ ሪቫልዶን አስፈረመ። ዚኮ አሰለጠነው፣ ቀጥሎም ብራዚልን የዓለም ዋንጫ ባለቤት ያደረገው ሉዊስ ፌሊፔ ስኮላሪ መጣ። ዜሮማክስ የተባለው ዋነኛ ደጋፊ ኩባንያው በ2010 ሲወድቅ ሪቫልዶም ስኮላሪም በዚያው ዓመት ሄዱ። የቀረው የልጆች ማሰልጠኛው ነው። በማሰልጠኛው ካደጉት አንዱ አብዱቆዲር ኹሳኖቭ ነው፤ በሚንስክና በፈረንሳዩ ላንስ በኩል አልፎ በጃንዋሪ 2025 ማንችስተር ሲቲ ገባ። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ኤልዶር ሾሙሮዶቭ ግን ከታሽከንት አልበቀለም፤ ኳስን የተማረው ሙቦራክ በምትባል ትንሽ የጋዝ ከተማ፣ በማሽአል ክለብ ነው። እኔ ለሪቫልዶ ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ሙቦራክ ላይ ለልጆች የተገዛው ኳስ ይበልጥብኛል።

የእነርሱን ነገር ከመጠን በላይ እያሳመርኩ እንዳይመስልባችሁ ሌላውንም ልናገር። ያ ጥጥ የእንባ ጥጥ ነበር። በየመኸሩ የክፍል ጓደኞቼ መማሪያ ክፍሉን ዘግተው ለቀማ ይላኩ ነበር፤ እኛ የውጭ ተማሪዎች ባዶ ክፍል ውስጥ እንቀራለን። ሲመለሱ ጣቶቻቸው በጥጡ ቅርፊት ተሰንጥቀው እርሳስ መያዝ ያቅታቸዋል። ጥጡን ለማጠጣት ወንዞቹ መጠለፋቸው የአራልን ባሕር አደረቀው፤ ይህንን ባለሙያ ሆኜ ስለማውቀው ሁልጊዜም ያመኛል። የግዳጅ ለቀማው ቀርቶ ዓለም አቀፍ የልብስ ኩባንያዎች በጥጣቸው ላይ የጣሉት ማዕቀብ የተነሳው ገና በ2022 ነው። ክለቦቹም ቢሆኑ በአብዛኛው በመንግሥት ኩባንያዎች ኪስ የሚኖሩ ናቸው። በዚህ ከእኛዎቹ ንግድ ባንክና መድን አይለዩም።

የሚለዩን በሜዳ ነው። የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ከ2020/21 የውድድር ዘመን ጀምሮ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰባሰበ ነው የሚካሄደው። ወረርሽኙ ነበር፣ የቴሌቪዥን ስርጭቱ ምቹ ሜዳ ይፈልጋል፣ የጉዞ ወጪው ከባድ ነው፣ የጸጥታውም ነገር አለ፤ ምክንያቶቹን አልክድም። ግን በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ፋሲል ከነማ ነበር። የጎንደር ሰው ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት አንድ የሊግ ጨዋታ እንኳን በፋሲለደስ ስታዲየም አላየም። ቡድኑ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ተጫወተ፤ ዋንጫው ወደ ጎንደር የገባው ከሩቅ ተጉዞ ነው። ሶዶም፣ ሆሳዕናም፣ አርባ ምንጭም እንዲሁ የገዛ ቡድናቸውን በቴሌቪዥን ነው የሚከታተሉት።

ባለፈው ወደ አገር ቤት ስገባ ሊጉ ድሬዳዋ ሰፍሮ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በዚያ ፀሐይ ሁለት የሩቅ ከተማ ቡድኖች ይጫወታሉ፤ ጥላ ያለበት በኩል የተቀመጥነው ሰዎች የምንቆጠር ነበርን። ተጫዋቹ ለአሰልጣኙ ሲጮህ ቃሉ ይሰማናል። ጎል ገባ፣ አግቢው ልጅ ወደ መቀመጫው ሮጠ፣ ከፊቱ ግን የሚያቅፈው ሰው አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። የዚያ ልጅ እናት ከዚያ ሜዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቃ ነው ያለችው። አጠገቤ የነበረ የሠፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ እነዚህ ሲሄዱ ደግሞ ስንት ወር ባዶ ይሆናል» አለኝ።

ብሔራዊ ቡድናችንም ያው ነው። በጁን 2022 ዋልያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ግብጽን! በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ኳስ አስደስቶኝ አያውቅም። መርሐ ግብሩ የእኛን ቡድን ባለሜዳ ይለዋል፤ የተጫወትነው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፣ የእኛ ስታዲየሞች መስፈርቱን ስላላሟሉ። በሌላ ጊዜ «የሜዳችንን» ጨዋታ ሞሮኮ ሄደን ተጫውተናል፤ እኔ በልጅነቴ ድሬዳዋ መጥታ ስትጫወት ባየኋት ሞሮኮ። ታሽከንት ግን በ2012 የከፈተችው 34 ሺህ ሰው የሚይዝ ሚሊይ ስታዲየም አላት። ከ20 ዓመት በታች ልጆቿ በ2023 የእስያን ዋንጫ ያነሱት በገዛ ከተማቸው፣ በእናቶቻቸው ፊት ነው። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹን ዛሬ ከዋናው ቡድን ጋር ታዩዋቸዋላችሁ።

ወደ አቡ ዳቢው ሌሊት ልመለስ። ወጣቱ የሕንፃ ሥራ ላይ ያለ የቃርሺ ልጅ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስልኩን አውጥቶ አባቱ ጋር ደወለ። ምስሉ ሲመጣ ሠፈሩ በሙሉ ውጪ ነው፤ መኪና ይነፋል፣ ሕፃናት ባንዲራ ለብሰው ይሮጣሉ። አባትየው ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። ልጁ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ኢትዮጵያዊ መሆኔን፣ ታሽከንት መማሬን ነገራቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝና በሩሲያኛ የማን ደጋፊ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«የፓኽታኮር» አልኳቸው።

ሳቁ። «እኛ ናሳፍ ነን። በአገርዎስ?»

«ኮተን። የድሬዳዋ። ትርጉሙ ያው ጥጥ ነው።»

ይህ በጣም ደስ አሰኛቸው፤ ዞር ብለው አጠገባቸው ላሉት ነገሩ። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ በመኪናው ጩኸት መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስታዲየማችሁስ? ጥሩ ነው?» አሉኝ።

«የአፍሪካ ዋንጫ ተደርጎበታል» አልኩ፣ «በ1976።»