ኦሪዮልስን የአንድ ሰው ቡድን አታድርጓቸው

በ1940ዎቹና 50ዎቹ ስለዘፈነው የጥቁር አሜሪካውያን የድምፅ ቡድን፣ ስለ ኦሪዮልስ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ አውራጁ ሶኒ ቲል ነው። አይፈረድበትም። ልጁ መልከ መልካም ነበር፣ ድምፁም ማር። መድረክ ላይ ሲያንጎራጉር ሴቶች በጩኸት ያቋርጡት ነበር። ኋላም ሸክላው ላይ «ሶኒ ቲል እና ኦሪዮልስ» ተብሎ ይጻፍ ጀመር። እኔ ግን ያ «እና» አይዋጥልኝም።

ልጆቹ የባልቲሞር ናቸው። መጀመሪያ ቫይብራኔርስ ይባሉ ነበር፤ በኋላ የሜሪላንድ ግዛት ምልክት በሆነችው ወፍ ስም ተጠሩ። ዘፈናቸው ዛሬ ዱ-ዎፕ የምንለው ነው። አውራጁ ግጥሙን ይዞ ይሄዳል። ተቀባዮቹ ቃል በሌለው ድምፅ ከሥር ይዘው ያነሱታል። የኛ ሰው ይሄ አይጠፋውም፤ ተቀባዩ ከሰነፈ ዘፈኑ አለቀለት።

ዴቦራ ቼስለርንም አንርሳ። ቀን ሱቅ ውስጥ እየሸጠች ዘፈን የምትጽፍ ወጣት አይሁዳዊት ነበረች። ልጆቹን መጀመሪያ የሰማቻቸው በስልክ ነው። ዘፈኑላት፣ ወደደቻቸው፣ ሥራ አስኪያጃቸው ሆነች። ይሄ የሆነው ትምህርት ቤቱ ሳይቀር በቆዳ ቀለም በተለየበት ከተማ ነው። በ1948 ኒውዮርክ ወስዳ አርተር ጎድፍሬይ የሚያዘጋጀው የሬዲዮ ውድድር ላይ አቀረበቻቸው። በፒያኒስቱ ጆርጅ ሺሪንግ ተሸነፉ። ጎድፍሬይ ግን መልሶ ፕሮግራሙ ላይ ጋበዛቸው።

በዚያው ዓመት «ለማወቅ ገና ነው» (It's Too Soon to Know) የሚለውን ዘፈን ቀረጹ። የጻፈችው ራሷ ቼስለር ናት፤ ግጥሙ ሲመጣላት ወረቀት አጥታ ሶፍት ላይ እንደከተበችው ይነገራል። ዘፈኑ በጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ 1ኛ ወጣ። ያኔ ሠንጠረዡ በግልጽ «የዘር» ተብሎ ነበር የሚጠራው። በአጠቃላዩ የፖፕ ሠንጠረዥ ደግሞ 13ኛ ደረሰ።

እስቲ ዘፈኑን ክፈቱት። መሣሪያው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሶኒ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እያንዳንዱን ቃል ለመልቀቅ እንደሳሳ ሁሉ። የአሌክሳንደር ሻርፕ ቀጭን ድምፅ ከላይ ይንሳፈፋል። መሃል ላይ ጆርጅ ኔልሰን በዚያ ጎርናና ድምፁ ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰው ይመስላል። ከዚያ ሶኒ ይመለሳል፤ አሁን ግን ያው ሶኒ አይደለም፣ ጥርጣሬው ተጋብቶበታል። ኔልሰን ባይኖር የሶኒ ማር ያቅለሸልሽ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1950 የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። ጊታሪስቱ ቶሚ ጋይተር ሞተ። ኔልሰንና ወፍራሙን የባስ ድምፅ የሚዘፍነው ጆኒ ሪድ ቆሰሉ። የቀሩት ሐዘናቸውን ይዘው ቀጠሉ። በ1953 «በጸሎት ቤት ማልቀስ» (Crying in the Chapel) የሚለውን ዘፈን አወጡ። አርቲ ግሌን ለልጁ የጻፈው የካንትሪ ዘፈን ነበር። ኦሪዮልስ ሲይዙት በሪትም ኤንድ ብሉዝ (በቀድሞው «የዘር») ሠንጠረዥ ለ5 ሳምንት 1ኛ ሆነ። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1965 ባወጣው ነው። ይሄም ያበሳጨኛል።

የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ በ1995 ተቀበላቸው። ሶኒ ግን በ1981 አርፏል፤ ያችን ቀን አላያትም።

እና አሁን «ለማወቅ ገና ነው»ን አንዴ ድገሙት። ሶኒን ለጊዜው ተዉት። የጋይተርን ጊታር ያዙና የሪድን ወፍራም ድምፅ ከሥር ተከተሉ፣ ኔልሰን እስኪገባ ድረስ።