እንኳን አጨበጨባችሁ!

የለንደንን የኮንሰርት ታዳሚ የሚያማ ሰው እኔ ዘንድ እንዳይመጣ። እንደሱ የታረመ፣ እንደሱ ቻይ ሕዝብ የት ይገኛል? ለቤትሆቨን ብሎ ቲኬት ይቆርጣል። ከቤትሆቨን በፊት ግን ቀለሙ ያልደረቀ፣ የአገሩ ልጅ የጻፈው አዲስ የኦርኬስትራ ሥራ ይጠብቀዋል። ሩብ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይሰማል። ቢያንስ ቁጭ ይላል። ሲያልቅ ያጨበጭባል። ልቡ ቢነካም ያጨበጭባል። አንድም ነገር ጠብ ባይልለት ያጨበጭባል። እንቅልፍ ወስዶት በጎረቤቱ ጭብጨባ ቢባንንም ያጨበጭባል። ሦስቱን ጭብጨባ ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ገና አልተፈጠረም። ፍትሕ ማለት ይኼ ነው፤ ለሁሉም እኩል።

ፈተናው ማለቁን ማወቁ ላይ ነው። የድሮ ሙዚቃ ሲያልቅ ያስታውቃል። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ እንግዳ የሆነ ሰው እንኳ ኮቱን ያነሳል። አዲሱ ግን ጭጭ ይልና፣ አለቀ ስትል ከኋላ አንዱ ደወል ነካ ያደርጋል። ስለዚህ ጨዋው ታዳሚ የኦርኬስትራውን መሪ ጀርባ ያጠናል። እጁ ወረደ? ትከሻው ላላ? መጀመሪያ ያጨበጨበ ሰው የዚያን ምሽት ምሁር ነው። በዕረፍት ሰዓት ወይኑን የሚጠጣው ቀና ብሎ ነው።

ይህን ጨዋነት ከእናታቸው ማህፀን ይዘውት አልወጡም። ወላጆቻቸው ባለጌዎች ነበሩ። ፕሮምስ የሚባለውን ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1895 ነው የተጀመረው። ዛሬ ቢቢሲ በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ እንቁጣጣሽ ሰሞን በሮያል አልበርት ሆል ያዘጋጀዋል። በጥቂት ፓውንድ ገብቶ ሙሉ ምሽት ቆሞ መስማት ይቻላል። በ1969 እዚያ መድረክ ላይ ፒተር ማክስዌል ዴቪስ የሚባል የ34 ዓመት የሙዚቃ ደራሲ «ወርልደስ ብሊስ» የተባለ ሥራ አቀረበ። ረጅም፣ ጨለማና ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ከታዳሚው ብዙው ሳያልቅ እየተነሳ ወጣ።

አይ ባለጌነት! መውጣት እኮ ለሰማ ሰው ነው። ያልሰማ ምን ያስወጣዋል? ሰዎቹ ጆሯቸውን ከፍተው ገብተው፣ ዜማው ጠልቆ ወግቷቸው፣ አሟቸው ወጡ። እንዲህ ያለ መቀራረብ በአደባባይ ነውር ነው። 35 ዓመት ቢታገሡ ኖሮ ደግሞ ለሹም ያጨበጭቡ ነበር። ያው ሰው በ2004 የንግሥቲቱ የሙዚቃ ሹም ሆኖ ተሾመ።

የ1995ቱ ደግሞ የባሰ ነው። የፕሮምስ የመጨረሻ ምሽት ማለት ባንዲራ የሚውለበለብበት፣ ፊኛ የሚፈነዳበት፣ ሕዝቡ ቆሞ የአገር ፍቅር ዘፈን የሚያቀልጥበት ምሽት ነው። በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። በዚያ መሃል ሃሪሰን በርትዊስል የሚባል ደራሲ «ፓኒክ» የተባለውን አዲስ ሥራውን አስገባ። አንድ ሳክስፎን ከፊት፣ አንድ የጃዝ ድራም ከጎኑ፣ የትንፋሽና የምት መሣሪያ ከኋላ። ቫዮሊን የሚባል ነገር የለም። ሳክስፎኑ ለአሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል እንደ አበደ ፍየል ዘለለ። የቢቢሲ ስልክ በቅሬታ ተጨናነቀ። ጋዜጦቹም ተንጫጩ።

አስቡት እስቲ። ሳሎኑ ውስጥ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ በአንድ የኦርኬስትራ ሥራ ተናዶ ብድግ ብሎ ስልክ አነሳ። ዛሬ ይኼን የሚያደርግ ማን አለ? ስልኩን ያነሳል እርግጥ፤ ሰዓቱን ሊያይ ነው። ብርሃኑ ጎረቤት እንዳይረብሽ በመዳፉ ከልሎ ያያል። ሥልጣኔ ይሏችኋል እንዲህ ነው።

የቀድሞዎቹ ሃያሲዎች ሳይቀሩ ስድ ነበሩ። በ1961 ሃንስ ኬለርና ሱዛን ብራድሾ የተባሉ ሁለት የሙዚቃ ሰዎች በቢቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ ያገኙትን የምት መሣሪያ ሁሉ እንዳሻቸው ቀጠቀጡ። ድምፁ ፒዮትር ዛክ የሚባል፣ በሕይወት የሌለ፣ ኖሮም የማያውቅ ሰው ድርሰት ተብሎ በሬዲዮ ተላለፈ። ሃያሲዎች ቁም ነገር ብለው ጻፉበት። ሰው እስከ ዛሬ ይስቅባቸዋል። እኔ ግን ልከራከርላቸው ነው፤ አልወደድነውም ነበር ያሉት! ቅጥቅጣውን ሰሙ፣ ቅጥቅጣ ነው አሉ። የዛሬ ሃያሲ ቢሆን «ደፋር» ብሎ፣ «ጥያቄ የሚያጭር» ብሎ፣ ከአራት ኮከብ ጋር ይሸኘው ነበር።

ይልቅ በአደባባይ ተከብራ የቆየችው ነጻ ሐሳብ ሳል ናት። ስለ ሳል በሰፊው መነጋገር አለብን። አንድሬያስ ዋገነር የሚባል ጀርመናዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነገሩን መርምሮታል። ሰው ኮንሰርት ላይ ከወትሮው አብልጦ ይስላል አለ። በተለይ ሙዚቃው ዘመናዊ ሲሆን፣ በተለይም ጸጥ ብሎ በዝግታ ሲሄድ። እንግዲህ ጉንፋኑ ሙዚቃ ያውቃል ማለት ነው። የድሮው እንግሊዛዊ ደራሲ ኤልጋር ሲመጣ ይድናል፣ አዲሱ ሲጀመር ያገረሻል። በቴምዝ ዳር ያለው ሮያል ፌስቲቫል ሆልም በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ እንዲህ የሚል ምክር አሳትሞ ነበር። ሆርን የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ መካከለኛ ድምፅ በድምፅ መለኪያ 65 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ አፍን ሳይሸፍኑ መሳልም ያው 65 ነው፤ መሐረብ ቢደረግበት ግን ለስላሳ ይሆናል። እዩት እንግዲህ። አዳራሹ ሳልን ከመሣሪያዎቹ ተርታ አሰለፋት። ተጫዋቿ ግን ደሞዝ አይከፈላትም፣ እንዲያውም ከፍላ ነው የምትገባው።

በዚያው አዳራሽ በ1958 የደራሲው የማይክል ቲፔት ሁለተኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ በሬዲዮ በቀጥታ እየተላለፈ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኦርኬስትራው ተበታተነ። መሪው ሰር ኤድሪያን ቦልት አስቆመና ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው አለ። እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ትልቅ ሰው ነው፣ አልክድም። ግን ምን አስቸኮለው? ዝም ቢል ኖሮ የዛሬው ታዳሚ በደንብ ያጨበጭብለት ነበር። ዝም አይነቅዝም።

ወደ ዕረፍቱ እንምጣ። እውነተኛው ትርዒት እዚያ ነው። ብርጭቆ በእጅ፣ የፕሮግራሙ መጽሔት በብብት። ንግግሩ ሁሉ ቅኔ ነው።

«የምት መሣሪያዎቹ ልጆች ሥራ በዝቶባቸው ነበር፣ አይደል?»

«በጣም! ያ ትልቁ ብረት ምን ይባላል?»

«እንጃ። ግን ብዙ ቀለም ነበረው።»

«ደራሲዋ ደግሞ እንዴት ወጣት ናት!»

ሰሙ አድናቆት ነው። ወርቁ የመጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ስንት ደረሰ የሚል ነው። ስለ ዜማው፣ ስለ ቅርጹ፣ ስለ ሐሳቡ አንድም ቃል አልወጣም። ወድጄዋለሁ የሚል የለም፣ ጠልቼዋለሁ የሚል የለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ቮን ዊልያምስ እንኳ በ1935 ስለ ወጣው ስለ ራሱ አራተኛ ሲምፎኒ ሲጠየቅ፣ ልውደደው አልውደደው አላውቅም፣ ለማለት የፈለግሁት ግን ይኼንኑ ነው አለ ይባላል። አየ የዋህ! ዕረፍት ላይ እንዲህ ቢል ሰው ብርጭቆውን ይዞ ይሸሸዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን ደራሲው ወደ መድረክ የሚወጣበትን ቅጽበት ነው። ጭብጨባው ሊሞት ሲል መሪው እጁን ወደ ታዳሚው ይዘረጋል። ከመሃል ረድፍ አንድ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይነሳና ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል። አዳራሹ በአንዴ ይሞቃል። ሙዚቃውን ሩብ ሰዓት ሲሰሙ ያልታየ ፍቅር፣ ሰውየውን ሲያዩት ይፈሳል። ለካ በሕይወት ያለ ሰው ነው የጻፈው! ለካ እናት አለችው! መሳቁንም እዩት! ልጁ ደስ ብሎት ይጎነበሳል፣ ሥራዬን ወደዱት ብሎ ያምናል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ሞቅ ያለ አቀባበል» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሁለተኛ የሚጠራው ኦርኬስትራ ይጠብቃል።

ማርክ አንቶኒ ተርኔጅ የሚባለው ደራሲ ብልህ ነው። በ2010 ለፕሮምስ በጻፈው ሥራ ውስጥ የቢዮንሴን የታወቀ ዘፈን ዜማ ሸጎጠበት። ሠርግ ቤት ቢሆን እኮ ወንበር ይሰበር ነበር። እዚህ ግን ዘመናዊ ኦርኬስትራ እየሰሙ ዳሌ ማነቃነቅ አያምርም። መጀመሪያ መጽሔቱ ፈቃድ ይስጥ።

ስለ አልበርት ሆል የቆየ ቀልድ አለ። ጉልላቱ ድምፅን ያስተጋባል፤ ስለዚህ አንድ የብሪታንያ ደራሲ አዲስ ሥራውን ሁለት ጊዜ የመስማት ዕድል የሚያገኘው እዚያ ብቻ ነው ይላሉ። ያም ቀረ። በ1969፣ ያ ሕዝብ ረግጦ በወጣበት ዓመት፣ እንጉዳይ የሚመስሉ የፋይበርግላስ ሳህኖች ከጣሪያው ሥር ተሰቀሉና የገደል ማሚቶው ተያዘ። አሁን አዲስ ሥራ ሁለተኛ እንዲሰማ የሚፈልግ ደራሲ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ተናዶ እንዲወጣለት ይጸልይ።