መቻል የጎረቤትን ዕዳ ሲከፍል

ዛሬስ ልተንፍሰው።

ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው። ማታ ማታ ጅብ ከጦሳ ይወርዳል፣ ውሻዬ መቻልም ይጮሃል። ያሳደግሁት ለዚሁ ነው። ጎረቤቴ ግን «አላስተኛን አለ» እያለ ነዘነዘኝ። ዱባይ ያለው ወንድሜ ይህን ሰማና «አብሽር!» ብሎ የሚረጭ የአንገት ማሰሪያ ላከልኝ።

ማሰሪያው ላይ ትንሽ ሳጥን አለች። ጩኸት ስትሰማ ፊቱ ላይ ሽው ታደርግበታለች። የሚረጨው ሲትሮኔላ የሚባል ዘይት ነው፣ የኛው ጠጅ ሳር የቅርብ ዘመድ። ለኛ ደስ ይላል። በአፍንጫው ለሚኖር ፍጡር ግን በርበሬ እንደ መታጠን ነው።

የመጀመሪያ ቀን ደነገጠና ዝም አለ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ሌሊት ሽው፣ ሽው ሲል ሰምቼ ወጣሁ። መቻል አፉን ዘግቶ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። ለካ የሚጮኸው የጎረቤት ውሻ ነው! ሳጥኗ የማን ድምፅ እንደሆነ አትለይማ። አዎ፣ ያው «አላስተኛን» ያለው ጎረቤት።

አሁን እናቴ ለቡና ጠጅ ሳር ስትጎዘጉዝ መቻል ጭራውን ቆልፎ ይወጣል። ድሮ ከአቦል እስከ በረካ ከእግሯ ስር አይነሳም ነበር። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ወንድሜ ደግሞ «በቃ፣ ባለሪሞቱን ልላክልህ» አለ። ወላሂ አልፈልግም! ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ አለው። ሁለት ብረት አንገቱን ይነካል፣ ቁልፉን ስትጫን ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። እሱ ታዲያ የሚጫነው ስልክ እያወራ ነው። ውሻው ጮኾ፣ ጨርሶ፣ ወደ ትንሿ ልጁ ጭራውን እየቆላ ሲሄድ፣ ያኔ ይደርሰዋል። ውሻ ሕመሙን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ካየው ነገር ጋር ነው። ይኸው አሁን ልጅቷን ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። አባትየው ደግሞ «ኃይሉን ልጨምርበት እንዴ?» ይላል! ዌልስ እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ይህን ዕቃ የከለከለችው ወዳ አይደለም።

የኔው ዘይት ሰሞኑን አለቀ። መሙያው ከፒያሳ እስከ ሸርፍ ተራ የለም። አንዱ ባለሱቅ «ዲዮዶራንት አይሆንም?» ብሎኛል።

ትናንት ጎረቤቴ መጣ። «ያ ዕቃ ካልፈለግኸው ለኔ ውሻ አውሰኝ» አለኝ። ባዶ ስለሆነ ሰጠሁት።