ሸኚ አያሳጣን

እንግዳ መቀበል ማንም ይችላል። በር መክፈት ነው። ጥበቡ ያለው መሸኘቱ ላይ ነው። በመሸኘት ደግሞ እኛን የባሕር ዳር ሰዎችን የሚያህል የለም። (አዲስ አበቤ ይከራከረኝ ይሆናል። መብቱ ነው።) እንግዳችን በሰላም ቤቱ እንዲገባ ከልባችን እንመኛለን። ስለዚህ መቆም እስኪያቅተው እናጠጣዋለን። ዓይን ቢወጉ እስከማይታይ ድረስ እናስመሸዋለን። ከዚያ “በሰላም ግባ” ብለን መርቀን እንልከዋለን። ቀሪው የፈጣሪ ሥራ ነው።

ይህ ጥበባችን ከባዱን ፈተና ያለፈው በ2012 ፋሲካ ነው። ታስታውሱ እንደሆነ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ባሕር ዳር ለ14 ቀን ከቤት አትውጡ ተባልን። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል። መጨባበጥ ክልክል። ትራንስፖርት በግማሽ ይጫን። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ላይ ዋለ። 55 ቀን የጾመ ሕዝብና የተገዛ ዶሮ አንድ ላይ ሲገናኙ አዋጅ መሃል ገብቶ ምን ሊሠራ?

አክስቴ ሽምብጥ ነው የምትኖረው። እኔ አባይ ማዶ። አክስቴ ሕግ አክባሪ ናት፤ በዚህ አትሙብኝ። ደጃፏ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጣለች። ስገባ በክርኗ ሰላም አለችኝ። ክርኗ ግን አላረካትም መሰል፣ “ኧረ በዓል ነው!” ብላ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። እጄ ላይ ሳኒታይዘር ጠብ አደረገችልኝ። የራሷንም እጅ አሸት አሸት አድርጋ፣ አልኮል አልኮል የሚል ጉርሻ አጎረሰችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገመችኝ።

ቤቱ ውስጥ ወደ ሃያ ሰው ነበር። ነገር ግን አንድም ቦታ ከአራት በላይ አልተሰበሰበም። ሳሎን አራት። መኝታ ቤት አራት። ጓዳ አራት። ግቢው ውስጥ ሾላው ሥር አራት። ሌሎቹ ኮሪደር ላይ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። አክስቴ አዋጁን ከማንም የሕግ ባለሙያ በላይ ተርጉማዋለች። “አራት አሉ እንጂ በስንት ክፍል አላሉ” አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ጠላው ሲያልቅ አረቄው መጣ። ያን ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ መድኃኒት ናቸው ተብሎ ዋጋቸው ሰማይ ነክቶ ነበር። አክስቴ ግን ርካሹን መድኃኒት ያገኘችው ከሳኒታይዘሩ ዕቃ ላይ ነው። አልኮል አለበት ይላላ። “ውጭውን የሚያጸዳ ውስጡን ምን ያደርገዋል?” አለች። ጉሮሮ እጅ እንዳልሆነ ላስረዳት አሰብኩ። ግን ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ነበርኩና ራሴም እርግጠኛ አልነበርኩም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ሰው ላንሳ። የአክስቴ ባል የሥራ ባልደረባ ነው። ገና ሲቀዳለት “መኪና ይዣለሁ” አለ። ሁሉም ሳቀበት። “መኪናው ነው እንዴ የሚጠጣው? የምትጠጣ አንተ!” ተባለ። በሞቴ ተባለ። አፈር ስሆን ተባለ። አንዱ ደግሞ “አንተ ጾሙን አልፈታህም?” አለው። ሰውየው ጨነቀው። እኛ አገር መጠጥ እምቢ ለማለት አንድ የታወቀ ምክንያት አለ። እሷን አወጣ። “ክኒን እየወሰድኩ ነው” አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

“የምን ክኒን?” አለች አክስቴ።

ሰውየው የጥርስ ነው ቢልም አልተሰማም። ግራና ቀኙ የተቀመጡት ተነሡ። ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት ተራቸውን ተዉት። በዚያ ቀን ርቀታችንን በትክክል የጠበቅነው ያኔ ብቻ ነው። ምስኪኑ ብቻውን ዶሮውን ጨርሶ፣ ብቻውን ወጥቶ፣ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። የሸኘው የለም። በር ላይ የተቀዳለት የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል አሉ። እንዲህ ያለ በዓል ለጠላትም አይስጥ።

እኔ ግን ወግ ባለው መንገድ ነው የተሸኘሁት።

“ልሂድ” ያልኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው “ልሂድ” አይቆጠርም። እሱ ሄጃለሁ ለማለት ሳይሆን አለሁ ለማለት ነው። በሁለተኛው “ልሂድ” ላይ ቡና ይቀርባል። ቡናው የዘጌ ነው፤ ሽታው ብቻ ያስቀምጣል። “ጠጣው፣ ይለቅሃል” አለችኝ አክስቴ። አቦልን ጠጣሁ። ቶናን ጠጣሁ። በረካን ጥሎ መሄድ ነውር ነው። እውነትም እንቅልፌ ለቀቀኝ። ስካሩ ግን ባለበት ነው። ጉበት የራሱ ሰዓት አለው፤ ሲኒ ሲደረደር አይቶ አይጣደፍም። ከቡናው በፊት እንቅልፋም ሰካራም ነበርኩ። ከቡናው በኋላ ዓይኑ የፈጠጠ ሰካራም ሆንኩ። አገራችን ደግሞ መሪ ማስያዝ የምትወደው እንዲህ ያለውን ነው። እንቅልፋሙማ ቢያንስ ይተኛል።

በሦስተኛው “ልሂድ” ተነሣሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። የቤቱ ሰው አብሮኝ ተነሣ። አራት፣ አራት ሆኖ የተቀመጠው ሁሉ ለሽኝት አንድ ላይ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አዋጁ ስለ ሽኝት ያለው ነገር የለማ። በር ላይ አንድ ተቀዳ። ግቢው በር ላይ አንድ። “እደር” ያለኝም አልጠፋም። መደብ ነበር፣ ጋቢም ነበር። ግን ማደር የሰከረ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ አልሰከርኩም። ይህንንም ግንቡን ይዤ ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው።

ባጃጅ ተጠራ። ባለ ባጃጁ የሰፈሩ ልጅ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ አክስቴ ብርጭቆ ይዛ ደረሰች።

“እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ” አለ።

“በሞቴ! በዓል አይደለም እንዴ? ልጄን የሚወስድልኝ ሰው ጉሮሮው ደርቆ ይሂድ?”

“አንዲት ብቻ።”

“አንዲት ብቻ” አለች እሷም። በሁለቱም እጇ ይዛ አጠጣችው። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ አደራ በሚል ድምፅ፣ “በቀስታ ንዳ እሺ ልጄ? የያዝከው ሰው ነው” አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ለነፍስ የሚጨነቅ ሰው ወዴት ይገኛል?

ወደ ጭነቱ ልምጣ። ባጃጅ ሦስት ሰው ይጭናል። በግማሽ ጫን ሲባል አንድ ተኩል ይሆናል። አንድ ተኩል ሰው ከየት ይመጣል? ልጁ በዚህ ሒሳብ ሁለት ሳምንት ሙሉ መጨነቁን ነገረን። ታሪፉን በእጥፍ ማድረጉ ቀላል ነበር። ሰውን በግማሽ ማድረጉ ነው ያስቸገረው። በመጨረሻ ቁጥሩን ወደ ላይ አጠጋጋና ሰባት ጫነ። ከኋላ ሦስት፣ ጭን ላይ ሁለት፣ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ። ለሰባታችን አንድ ማስክ ነበረን። መስተዋቱ ላይ ተንጠልጥላለች። ትራፊክ ሲታይ በበሩ በኩል ያለው ሰው ያጠልቃታል፤ ሌሎቻችን “ዝቅ በሉ” እንባላለን፣ ዝቅ እንላለን። ይቺን ዝቅ ማለት ሳላደንቃት አላልፍም። ከፍለን እየተሳፈርን፣ በራሳችን ነፍስ ላይ የተጫነውን ትርፍ ከሕግ የምንደብቅ እኛው ተሳፋሪዎቹ ነን። ሹፌር እንዲህ ዓይነት ወገን አለው።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ልጁ ዘፈኑን ከፍ አደረገው። የከተማችንን ዘንባባዎች ታውቋቸዋላችሁ። መንገዱ መሃል ተሰልፈው ቆመዋል። ልጁ በኋላ እንዳስረዳን ከእነሱ አንዱ ሰልፉን ጥሎ ወደ እኛ መጣ። እሱም ሊያሳልፈው ሲል ጠርዙ ላይ ወጣን። የባጃጁ አንድ ጎማ አየር ላይ ቀረ። ሰው አልተጎዳም። የተጎዳው አክስቴ በሰሃን ቋጥራ የሰጠችኝ ዶሮ ወጥ ነው፤ ከኋላ ያለችው ሴትዮ ነጠላ ላይ ነው ያረፈው።

ሰባት ሰው የመጫን ጥቅሙ ያኔ ገባኝ። ሁላችንም ወረድን፣ ባጃጇን በአራቱም በኩል ያዝን፣ አንድ ጊዜ “ሆ!” ብለን አነሣናት። አንድ ተኩል ሰው ሆነን ቢሆን ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርን። ነጠላዋ የተበላሸባት ሴትዮ እንኳ “ተመስገን፣ ከዚህ የባሰም አለ” ብላ ተመልሳ ጭን ላይ ተቀመጠች።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ነፋሱ ቀዘቀዘ። አዲሱ ድልድይ ያኔ ገና በግንባታ ላይ ነበር። (ዛሬማ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ግንቦት 2016 ላይ ተመርቋል። ለእግረኛም ለብስክሌትም ቦታ አለው። አሁን ትርፍ ጭነን የምንሻገረው በሰፊው ነው።) በአሮጌው ላይ ስናልፍ አንዱ ተሳፋሪ ወደ ወንዙ እያየ ስለ ጉማሬ ያወራ ጀመር። ጉማሬ ሲመሽ ከውሃ ይወጣል፣ ሣሩን ይግጣል፣ ሳይነጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። በቃ ይሄ ነው። “ግጠህ አልጠገብክም” የሚለው የለ። በረካ የለው። በሞቴ የሚለው የለ። እንዲያ ያለ ኑሮ ኖሮ በሰላም ቢገባስ ምን ዋጋ አለው?

ስልኬ የጮኸው እዚያው ድልድዩ ላይ ነው። አክስቴ ናት። “ገባህ?” አልገባሁም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደገመች። “አሁንስ?” ሦስተኛው ላይ ሳላነሣ ብቀር የባለ ባጃጁ ስልክ ጮኸ። የእሱም ቁጥር አላት። ልጁ ጨዋ ነውና በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ መለሰላት፤ “አይዞሽ እማማ፣ በቀስታ እየነዳሁ ነው” አለ።

ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አምስተኛው ጥሪ መጣ።

“ገባህ?”

“ገባሁ።”

“ተመስገን! ይኸው አሁን ልቤ ተመለሰ። ልጁስ?”

“ተመልሷል።”

“ጎሽ። እኔ ነኝ ቶሎ ና ያልኩት። እነ እትዬም ሊሄዱ ተነሥተዋል፣ መሽቷል፣ እሱ ያድርሳቸው ብዬ ነው። ደግሞ የቀዳሁለትን ሳይጨርስ ነው የሄደው። ከድኜ አስቀምጬለታለሁ።”