ፍላሜንኮን በቲኬት አትጠሩት

የስፔኗ ሴቪያ ከተማ ከንቲባ ሆሴ ሉዊስ ሳንስ በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) «ፕላሳ ዴ ኤስፓኛን አጥረን ቱሪስቱን እናስከፍላለን» ብለው ነበር። ፕላሳ ዴ ኤስፓኛ ፍላሜንኮ፣ ማለትም የደቡብ ስፔን ዘፈንና ጭፈራ፣ ለአላፊ አግዳሚው የሚቀርብበት የከተማዋ ትልቅ አደባባይ ነው። የወለቁ ሴራሚኮችንና ደረጃውን የሞሉ ነጋዴዎችን በቪዲዮ አሳዩ። ገንዘቡ ለጥገናና ለጥበቃ ይውላል አሉ። ማዕከላዊው መንግሥት ተቃወመ፣ እኔም ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ከስፔን የተመለሰ አንድ ወዳጄ «ሰውዬው ልክ ናቸው፤ እዚያ የሚጨፍሩት ለማኞች ናቸው፣ እውነተኛው ፍላሜንኮ አዳራሽ ውስጥ ነው» ሲል ሰማሁትና ደሜ ፈላ።

ለማኞች? እኔም እዚያ አምሽቻለሁ። ከቅስቶቹ ሥር አንዲት ጣውላ ተነጥፋለች። አንዱ ጊታር ይዟል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ ሴትየዋ ጣውላዋን በተረከዟ ትደልቃለች። ማይክ የለም። አጠገባቸው የቆመው ሰውዬ በጭብጨባ ምቱን ይይዛል፣ ጭብጨባው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ብዙዎቹ የፍላሜንኮ ስልቶች በ12 ምት የሚዞሩ ናቸውና አንዷን የሳተ ዳንሰኛዋን ጉድ ይሠራታል። ይህን የቻለ ሰው ኮፍያ ስለዘረጋ ለማኝ ይባላል? አዝማሪው ፊትህ ቆሞ ሲገጥምልህ ግንባሩ ላይ ብር የምትለጥፍለት ለምኖህ ነው? ሙያው ስለነካህ ነው እንጂ!

«እውነተኛው አዳራሽ ውስጥ ነው» የሚሉት ነገርማ ጭራሽ ታሪክ አለማወቅ ነው። ፍላሜንኮ ለከፋይ ታዳሚ መድረክ ላይ መውጣት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በየካፌው ነው። ከዚያ በፊት በሂታኖዎች (በስፔን ሮማዎች ወይም «ጂፕሲዎች») ግቢ፣ በሠርጋቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የሴቪያ ሰፈር በትሪያና ብረት ቀጥቃጮች ዘንድ ነበር። ማርቲኔቴ የሚባለው የብረት ቀጥቃጮች ዘፈን ዛሬም ያለ ጊታር ይዘፈናል፤ አንዳንዴ መዶሻና መስፍ ብቻ ያጅቡታል። እነዚህ ሰዎች አዳራሽ የሚሠራላቸው ሰዎች አልነበሩም። በ1749 ንጉሥ ፈርናንዶ ስድስተኛ በመላ አገሪቱ ሂታኖዎችን በአንድ ዘመቻ አሳፍሰው አሰሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ የትሪያና ሂታኖዎች ከሰፈራቸው ተነስተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተገፉ። ዘፈኑ ያን ሁሉ ያለፈው በር የሌለው ቦታ ስለነበረው ነው።

በ1922 የሙዚቃ ደራሲው ማኑኤል ደ ፋያና ወጣቱ ገጣሚ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ግራናዳ ከተማ ላይ ያደረጉትን አስታውሱ። የሚከፈልበት መድረክ ጥንታዊውን ዘፈን እያበላሸው ነው ብለው ስለሰጉ ውድድር አዘጋጁ። የት? አልሃምብራ በሚባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ሥር። ባለሙያ ዘፋኞችን ከውድድሩ ከለከሉ። ከተሸላሚዎቹ አንዱ ኤል ቴናሳስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሌላው ገና ልጅ የነበረው ማኖሎ ካራኮል፣ በኋላ ስመ ጥር የሆነው። እነዚህ ሰዎች ፍላሜንኮን ከወዳጄም ከከንቲባውም በላይ ያውቁ ነበር።

«ነዋሪው እኮ በነፃ ይገባል» የሚባለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ኮፍያው ላይ ሳንቲም የሚጥለው ማን ሆነና? አብዛኛው መንገደኛ ነው! በር ላይ የከፈለ ሰው ውስጥ ሲገባ «ከፍያለሁ» ብሎ ቦርሳውን ይዘጋል። ብዙው ደግሞ ሰልፉን አይቶ ይመለሳል። ያኔ ዳንሰኛዋ ጣውላዋን ጠቅልላ ትሄዳለች። ዩኔስኮ በ2010 ፍላሜንኮን በሰው ልጅ ቅርስነት የመዘገበው ከአጥር ጀርባ እንዲሸጥ አይደለም።

ሴራሚኩ ተሰባብሯል፣ እውነት ነው። የሚነቅለውን ሌባ በዘበኛ ያዙ። አደባባዩ ለ1929ኙ ኤክስፖዚሽን የተሠራ የሕዝብ ቦታ ነው፤ ባለቤቶቹም ማዕከላዊው መንግሥትና ከተማዋ ናቸው። ሁለቱ ተቀምጠው የጥገናውን ወጪ ይካፈሉ፣ አጥሩ የሚሠራበትን ገንዘብም እዚያው ላይ ይጨምሩበት።