እርማት፦ የግፊት ኪኒን ሁሉ ሙዝ አይከለክልም

እትዬ፣ እሁድ ቱሉ ዲምቱ ቡና ላይ «የግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ሙዝ እንዳይቀምስ» ብለው ነበር። ጎረቤታችንም ሰምተው የገዙትን ሙዝ ለልጆች አከፋፈሉ። ለሰው አስበው እንደተናገሩ አውቃለሁ። ግን ነገሩ እንዲህ በጅምላ አይባልም።

ወሳኙ የኪኒኑ ዓይነት ነው። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም (ሙዝ ውስጥ ያለው ማዕድን) በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ያስወጣዋል። አምሎዲፒን ከፖታሲየም ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም። የጎረቤታችንን ፓኬት አገላብጬ አየሁት፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ነው። ኩላሊታቸውም ተመርምሮ ደህና ነው ተብለዋል። ታዲያ ሙዝ ምን አደረጋቸው?

አንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም ይመክራል። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ግፊትን ለመቀነስም ይረዳል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። «ለግፊት ጥሩ» ተብሎ በጨው ምትክ የሚሸጠው። ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ንጹሑ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያው ብቻ በፖታሲየም መጠኑ ከሁለት ሙዝ ይበልጣል። ኢናላፕሪል የሚወስድ፣ በተለይ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ወጥ ላይ ሲነሰንሰው በደሙ ያለው ፖታሲየም ሊያሻቅብ ይችላል። ያኔ የልብ ምት ይዛባል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ምልክት።

እባክዎ፣ ማንም ኪኒኑን በራሱ እንዳያቋርጥ ይንገሩልኝ። ፓኬቱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድና የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይጠይቅ።