ኧረ ፓስወርዱን ኮማንዱ ላይ አትጻፉት!

ዛሬ ይውጣልኝ። ሰርቨር ነክታችሁ የማታውቁም አንብቡት፤ ጉዳዩ የእናንተም ፓስወርድ ነው።

ብዙ መሥሪያ ቤት ኢሜይሉም፣ ዋይፋዩም፣ ኮምፒውተሩም የሚከፈተው በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ነው። ያን ስምና ፓስወርድ የሚይዘው ዳይሬክተሪ ሰርቨር ይባላል። ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኦፕንኤልዳፕ ነው። ፓስወርዱ እንዳለ መቀመጥ የለበትም፤ መጀመሪያ ሃሽ ይደረጋል፣ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይመለስ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይቀየራል። ለዚህ ሥራ ስላፕፓስወርድ (slappasswd) የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስሟን ጽፋችሁ ኢንተር ትላላችሁ። አዲሱን ፓስወርድ ትጠይቃለች፤ ስትጽፉ ምንም አይታይም። እንደገና ትጠይቃለች። ሃሹን ታወጣለች። አለቀ።

ታዲያ ሰው ምን ነክቶት ነው ሰረዝ ኤስ (-s) ጨምሮ ፓስወርዱን እዚያው ኮማንዱ ላይ የሚጽፈው? ኧረ በፈጠራችሁ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄ ነው። ከሰው የተረከብኩትን ሰርቨር ስከፍት መጀመሪያ የማየው የባሽ ሂስትሪውን ነው፤ የተጻፈ ኮማንድ ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል ማለት ነው። አንዱ ላይ የላይ ቀስቷን ጥቂት ጊዜ ስጫን የዋናው አድሚን ፓስወርድ ቁልጭ ብሎ መጣ። የድርጅቱ ስም፣ የኢሜይል ምልክቷ፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ። ኮንፊጉ (የሰርቨሩ ቅንብር ፋይል) ውስጥ ያለው ሃሽ በሥርዓት ተቀምጧል። ግን ምን ዋጋ አለው? እዚያ አካውንት የገባ ሰው ሃሽ ለመስበር አይደክምም፤ ሂስትሪውን ማንበብ ይበቃዋል። ባክአፕ ሲወሰድም ያ ፋይል አብሮ ይሄዳል። ባክአፑ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚነካው ደግሞ ብዙ ቦታ የሚጠይቅ የለም።

ፓስወርዱ ውስጥ የዶላር ምልክት ካለማ ሌላ መከራ ነው። በድርብ ጥቅስ ውስጥ ሲጻፍ ሼሉ (ኮማንዱን የሚቀበለው ፕሮግራም) ከ$ ቀጥሎ ያለውን ቃል ቫሪያብል፣ ማለትም ሌላ ዋጋ የያዘ ስም ነው ብሎ ይወስደዋል። እንዲህ የሚባል ቫሪያብል ስለሌለ በባዶ ይተካዋል። ሃሹ ያለ አንዳች ችግር ይወጣል፤ ግን የሌላ ፓስወርድ ሃሽ ነው። ከዚያ ለመግባት ስትሞክሩ ስህተት ቁጥር 49፤ ስም ወይም ፓስወርድ ልክ አይደለም ማለት ነው። ስሙ ቢሳሳት 49፣ ፓስወርዱ ቢሳሳት 49፣ ሃሹ ኮፒ ሲደረግ ጫፉ ቢቆረጥ 49። ለሰርጎ ገብ ፍንጭ ላለመስጠት መሆኑ ይገባኛል። ግን ቢሮው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ፣ ስልክ እየጮኸ፣ አንዲት ቁጥር ላይ አፍጥጦ መዋል አንጀት ያሳርራል። ፓስወርዱን ከፋይል እናስነብባት የሚሉም አሉ። ስላፕፓስወርድ የፋይሉን ይዘት በሙሉ ነው የምትወስደው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው የማትታይ ኢንተር ሳትቀር የፓስወርዱ አካል ትሆናለች። ውጤቱ አሁንም 49።

የሥራ ባልደረባ ደግሞ ይደውላል። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል። አንድ ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ብሰጠው ሁለት የተለያየ ሃሽ አወጣ።» አልተበላሸም! ሶልት የሚባል የዘፈቀደ ባይት እየተጨመረበት ነው፤ እንዲለያይ ተብሎ ነው የተሠራው። ይሄን ሳያውቅ «ሁሌ አንድ ዓይነት የሚያወጣውን ልጠቀም» ብሎ ሶልት ወደማይጨምረው ወደ ተራው የኤምዲ5 ሃሽ ዘዴ የሚሄድ አለ። ያኔ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ያላቸው ሁለት ሠራተኞች ሃሻቸውም አንድ ይሆናል፤ ላየው ሁሉ ይታያል።

ክሪፕት የሚባለውን ዘዴ የሚመርጡትስ? ተጨማሪ ቅንብር ካልተሰጠው ዴስ የሚባለው የድሮ ዘዴ ላይ ነው የሚወድቀው። እሱ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 8 ባይት ብቻ ነው። ሃያ ፊደል ያለው ፓስወርድ አውጥታችሁ ስምንቱን የገመተ ይገባል። በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ የባሰ ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 8 ባይት ሦስት ፊደል እንኳ አይሞላም።

ስላፕፓስወርድ ዝም ካላችኋት ሻ-1 በሚባለው ዘዴ የተሠራ፣ በሶልት የታጀበ ሃሽ ነው የምትሰጠው። ሻ-1 የ1995 ሥራ ነው። በ2017 ጉግልና የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሃሽ ሲኖራቸው አሳዩ። ለፓስወርድ ዋናው ችግር ግን ያ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። አንድ የጌም ግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ ቢሊዮኖች ግምት ይሞክራል። አርጎን2 የሚባለው ዘዴ በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ውድድሩን ያሸነፈው ሆን ተብሎ ዝግ ያለና ሜሞሪ የሚበላ ስለሆነ ነው። ከኦፕንኤልዳፕ 2.5 ጀምሮ የአርጎን2 ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) አብሮ ይመጣል፤ ግን ሰርቨሩም ስላፕፓስወርድም ላይ እንዲጫን መታዘዝ አለበት። ይሄን የሚያደርግ ስንት ሰው አለ?

ማኑዋሏ ራሷ ሃሹን እንደ ግልጽ ፓስወርድ ጠብቁት ትላለች። እኛ ጋ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለምን አይሠራም?» ተብሎ ሃሹ ከነሰርቨሩ አድራሻ ይለጠፋል። ደሜ ነው የሚፈላው።

ደግሞ ለተራ ተጠቃሚ ሃሽን በእጅ መሥራት ለምን አስፈለገ? ሃሽ የተደረገ ነገር ስታስገቡ ሰርቨሩ ርዝመቱን ማየት አይችልም፤ የጻፋችሁት የፓስወርድ ፖሊሲ (ፓስወርድ እንዲህ ይሁን የሚለው ደንብ) ዋጋ ያጣል፣ ወይም ጥብቅ ከሆነ ጭራሽ አልቀበልም ይላል። ለዚህ ኤልዳፕፓስወርድ (ldappasswd) የሚባል ፕሮግራም አለ። ግንኙነቱ በቲኤልኤስ የተመሰጠረ ይሁን እንጂ ፓስወርዱን ለሰርቨሩ ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩ መዝኖ ራሱ ሃሽ ያደርገዋል። በእጅ መሥራት የግድ የሚሆነው ኮንፊጉ ውስጥ ለሚገባው ለዋናው አድሚን ነው። እሱንም ስትሠሩ ስላፕፓስወርድ ስትጠይቃችሁ ትጽፉላታላችሁ፣ ማንም አያይም።

ሥልጠና የምትሰጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከስላይዳችሁ ላይ ያችን ሰረዝ ኤስ አውጡልን። ዛሬውኑ።